የቆመውን ባጃጅ ማስኬድ፦ በድሬዳዋ የምሽት ፎቶ ላይ የእንቅስቃሴ ብዥታ አሠራር

ከዚራ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። የቀኑ ሙቀት በረድ ብሎ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቷል። ከለገሃር በኩል አንድ ባጃጅ መጣ። ሹፌሩ ሽርጥ አገልድሟል። ጉንጩ ላይ የሻይ ቤቱ አምፖል ብርሃን አርፎበታል። አነሳሁት።

ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። የሹፌሩ ፊት ይታያል። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው ጌጥ ይታያል። የጎማው ጥርስ ሳይቀር ይቆጠራል። ግን ባጃጁ መሃል መንገድ ላይ የቆመ ነው የሚመስለው። እኔ ያየሁት ሽው ብሎ ሲያልፍ ነበር።

ቤት ገባሁና ኮምፒውተር ላይ ከባጃጁ ጀርባ ያለውን ሁሉ ብዥ አደረግኩት። ዛፉም ሱቁም መንገዱም ወደ ጎን ተጎተቱ። ደስ አለኝ። በማግስቱ ድሬ ላይ ብዙ ዓመት ፎቶ ላነሱ አንድ አባት አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው ጠጋ አድርገው ትንሽ ቆዩ። «ልጄ፣ መንገዱ ይሮጣል። ጎማው ግን ቆሟል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ሥራ ሁሉ ከዚህች አነጋገር የወጣ ነው። ካሜራ ሹተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ፣ የሚከፍተው ለሁሉም እኩል ነው። ለባጃጁም፣ ለጎማውም፣ ለአምፖሉም፣ በጎን ለሚራመደውም ሰው አንድ ዓይነት ጊዜ ነው የሚቆጥረው። እኛ ኮምፒውተር ላይ ብዥታ ስንሠራ ለአንዱ ረጅም፣ ለአንዱ አጭር ጊዜ እየሰጠን ካሳለፍነው ተመልካቹ ስሙን ባያውቀውም ነገሩ ይጎረብጠዋል። ስለዚህ ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት አንድ የሹተር ጊዜ ምረጡ። ከዚያ በፎቶው ውስጥ ያለው ሁሉ ለዚያ ጊዜ ይገዛ።

ካሜራው ላይ ለምን አይሠራም?

ይሠራል። ሹተሩን 1/15 ሰከንድ ላይ አድርጎ፣ ባጃጁን በካሜራ እየተከተሉ ማንሳት ነው። ፓኒንግ ይሉታል። እኔም በጣም እወደዋለሁ፤ እንድትለማመዱትም እመክራለሁ። ግን ማታ፣ በዚያ ፍጥነት፣ ከብዙ ፎቶ አንዱ ቢሳካ ነው። የሹፌሩ ፊት ደግሞ እንደዚያ የሆነው ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። ከተበላሸ አይመለስም። ፊቱን በጥራት ይዞ እንቅስቃሴውን በኋላ መጨመር ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

መጀመሪያ፦ ቦታ እና አነሳስ

ጥሩ ብዥታ የሚጀምረው መንገድ ላይ ነው። ብዥታ የሚታየው ብርሃንና ጨለማ በሚፈራረቁበት ቦታ ነው። ጨለማ ግድግዳን ብትጎትቱት ያው ጨለማ ግድግዳ ነው። አምፖል የበራባቸው ትንንሽ ሱቆች፣ በዛፍ ቅጠል መሃል ብልጭ የሚል መብራት፣ የቆሙ መኪኖች መስታወት፣ እነዚህ ሲጎተቱ መስመር ይሆናሉ። ከዚራ ለዚህ የተፈጠረ ሰፈር ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1902 እ.ኤ.አ. የጅቡቲው ባቡር እዚህ ሲደርስ ነው። ከዚራን ያቀዱትም ከባቡሩ ጋር የመጡት ሰዎች ናቸው። ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ዳርና ዳራቸው በዛፍ የታጠረ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚሄድ ነገር አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ ብዥታውንም ወዴት እንደምትጎትቱ አያደናግራችሁም። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ሰፈር ከገባችሁ መንገዱ ይጣመማል። የእግረኛ ፎቶ ግን እዚያ ይሻላል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መብራት ያለበት ቦታ ፈልጋችሁ ከመንገዱ ስድስት ሰባት ሜትር ራቁ። ባጃጁ በጎኑ እንዲያልፍ ቁሙ። ፎከሱን መብራቱ በሚያርፍበት አስፋልት ላይ ቀድማችሁ አስሩት። የሌንሱን አፐርቸር፣ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ሹተሩን 1/125 ወይም 1/250፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 አካባቢ አድርጉ። በሮው፣ ማለትም በጥሬው ፋይል፣ አንሱ። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ፣ ማለትም በግማሽ፣ ዝቅ ማድረግ ደግ ነው፤ አምፖሎቹ ነጭ ሆነው እንዳይቃጠሉ ይረዳል። ጨለማውን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ የተቃጠለ መብራት ግን አይመለስም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ባጃጁ ካለፈ በኋላ ከቦታችሁ ሳትነቃነቁ ባዶውን መንገድ አንድ ጊዜ አንሱ። ያው ሌንስ፣ ያው ከፍታ፣ ያው ኤክስፖዠር። ለምን እንደሆነ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይገባችኋል። ቀጥሎ ሹተሩን 1/15 አድርጋችሁ አንድ ሁለት እውነተኛ ፓኒንግ ሞክሩ። ባይሳካም አትሰርዙት። የዚያ መንገድ መብራቶች ሲጎተቱ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ ናሙና ነው። ስትሠሩ ጎን ለጎን ከፍታችሁ ታዩታላችሁ።

ስለ ሰው አንድ ነገር። ማታ ጫትና ሳንቡሳ ከሚሸጡት ውስጥ ፊታቸው እንዲነሳ የማይፈልጉ አሉ። ሻይ ጠጡ፣ ሰላም በሉ፣ ጠይቁ። «አታንሳኝ» ካሉ ካሜራውን ዝቅ ማድረግ ነው። ጥበቃ ወደቆመበት ግቢ፣ ወደ ባንክ በር፣ ወደ ድልድይም ሌንስ አታዙሩ።

ሁለተኛ፦ የሹተሩን ጊዜ መምረጥ

ካልኩሌተር አውጡ። 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ባጃጅ በሰከንድ 5.5 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ1/15 ሰከንድ ደግሞ 37 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የባጃጅ ርዝመት 2.6 ሜትር አካባቢ ነው። ፎቶው ላይ ባጃጁን ከአፍንጫው እስከ ጭራው ለኩት። 1400 ፒክስል ነው እንበል። 37 ሳንቲ ሜትሩ እዚያ ላይ 200 ፒክስል ይሆናል ማለት ነው።

በቃ፣ 200 ፒክስል የእናንተ ቁጥር ነው። ወረቀት ላይ ጻፉት። 1/30 ከመረጣችሁ 100፣ 1/8 ከመረጣችሁ ወደ 370 ይሆናል። ለባጃጅ እኔ 1/15 ነው የምመርጠው። 1/30 ላይ እንቅስቃሴው ያንሳል፤ ካሜራው ትንሽ የተንቀጠቀጠ ይመስላል እንጂ ፍጥነት አይሰማም። 1/8 ላይ ከኋላ ያለው ሱቅ ሱቅ መሆኑ ይጠፋል። ድሬ መሆኗ ከጠፋ ደግሞ ፎቶውን የትም ማንሳት ይቻል ነበር።

ሦስተኛ፦ ባጃጁን ከመንገዱ መለየት

ፎቶሾፕ፣ ጊምፕ ወይም ኢንተርኔት ላይ በብሮውዘር የሚሠራው ፎቶፒ፣ ሦስቱም ይሆናሉ። ጊምፕና ፎቶፒ ገንዘብ አይጠይቁም። ባጃጁን ከነሹፌሩ ሴሌክት አድርጋችሁ (ዙሪያውን መርጣችሁ) በራሱ ሌየር፣ በሌላው ላይ በሚደረብ ንብብር፣ ላይ አውጡት። ከመሬቱ ጋር የሚያገናኘውን ጥላ አብራችሁ ውሰዱ። ጥላው አብሮት ስለሚሄድ ብዥ አይልም። ይህ ከተረሳ ባጃጁ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

ከዚያ ከታችኛው ሌየር ላይ ባጃጁን አጥፉት። ይህ ግዴታ ነው። ባጃጁ እዚያ እያለ ብዥ ካደረጋችሁ ቀለሙ አብሮ ይጎተትና ከላይ ባለው ጥርት ያለ ባጃጅ ዙሪያ ጭጋግ ይሠራል። ጭጋጉን ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ያ ባዶ መንገድ እዚህ ላይ ነው የሚደርስላችሁ። ከታች አስገቡት፣ አስተካክላችሁ ግጠሙት፣ አለቀ። ካላነሳችሁት በክሎን ወይም በሂል መሣሪያ መሙላት ነው። በደንብ መሙላት አያስፈልግም፤ ለማንኛውም ሊጎተት ነው። ቀለሙና ብርሃኑ ከጎኑ ጋር ከተስማማ ይበቃል።

ሴሌክሽኑን ስትሠሩ የባጃጁን ጣሪያና የጎን ሸራ ዳር ፒክስል በፒክስል ለመጨረስ አትድከሙ። የባጃጁን ባህሪ አስቡ። በድሬ ድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚሄድ ባጃጅ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ዳሩ ፍጹም ጥርት ማለት የለበትም። እኔ ፊቱን፣ እጁንና መሪውን ጥርት አድርጌ እተዋለሁ። ጣሪያውና የኋላ ወንበሩ ላይ አራት አምስት ፒክስል ወደ ላይና ወደ ታች የሆነ ትንሽ ብዥታ በማስክ (ለውጡ የት እንዲታይ፣ የት እንዲደበቅ በሚወስነው መሸፈኛ) እጨምራለሁ። ጥቂት ናት፤ ግን ከወረቀት ተቀዶ የተለጠፈ እንዳይመስል የምታደርገው እሷ ናት።

አራተኛ፦ መንገዱን ማስሮጥ

ታችኛውን ሌየር መጀመሪያ ስማርት ኦብጀክት አድርጉት፤ በኋላ ቁጥሩን መለወጥ ያስችላል። ፊልተር፣ ብለር፣ ሞሽን ብለር። ርቀቱን 200 አድርጉ። አንግሉን ግን ዝም ብላችሁ ዜሮ ላይ አትተዉት። የአስፋልቱን ጠርዝ ተመልከቱ። ሁለት ሦስት ዲግሪ ያጋደለ ከሆነ ብዥታውም ያን ያህል ያጋድል። በጊምፕ ሊኒየር ሞሽን ብለር የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያዎች «ቅርብ ያለውን አብዝታችሁ፣ ሩቅ ያለውን አሳንሳችሁ ብዥ አድርጉ» ይላሉ። ይህ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። መለየት ያለባችሁ ሁለት ነገር አለ። አንድ ቦታ ቆማችሁ ካሜራውን ባጃጁን ተከትላችሁ ካዞራችሁት ካሜራው የዞረው ለቅርቡም ለሩቁም እኩል ነው። አጥሩም፣ ዛፉም፣ ከኋላ ያለው ሱቅም እኩል 200 ፒክስል ይጎተታሉ። እናንተ ራሳችሁ ሌላ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣችሁ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ያነሳችሁት እንዲመስል ከፈለጋችሁ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ የመንገዱ ጠርዝ በጣም ይሮጣል፣ ሱቁ ቀስ ይላል፣ ከጣሪያ በላይ ያለው ሰማይ ቆሟል ማለት ይቻላል። ከሁለቱ የትኛውን ታሪክ እንደምትነግሩ ወስኑ። መቀላቀል አይቻልም።

ሌሎች የሚንቀሳቀሱ ነገሮችን አትርሱ። ከፊት ለፊት የሚመጣ ሌላ ባጃጅ ካለ ወደ ተቃራኒ ነው የሚሄደው። በተመሳሳይ ፍጥነት ከሆነ እጥፍ፣ ወደ 400 ፒክስል ይጎተታል። ከእናንተ ባጃጅ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚራመድ ሰው ደግሞ ከዛፉ ያንሳል፤ 150 አካባቢ ይበቃዋል። እነዚህን በየሌየሩ ለይቶ መሥራት አንድ ሰዓት ተጨማሪ ይወስድ ይሆናል። ፎቶው ግን ያኔ ነው የሚተነፍሰው።

አምስተኛ፦ ጎማው

እኚያ አባት ያዩት ይህን ነው። የባጃጅ ጎማ ትንሽ ነው፤ ዙሪያው 1.3 ሜትር አካባቢ ነው። 37 ሳንቲ ሜትር ሲጓዝ ከሩብ ዙር ትንሽ ያለፈ ይዞራል፤ 100 ዲግሪ ገደማ። ፎቶሾፕ ውስጥ ብለር ጋለሪ ግቡና ስፒን ብለር ምረጡ። ክቡን ጎማው ላይ አስቀምጡ። ጎማው ከጎን በትንሹ ያዘነበለ ከሆነ ክቡን ጎትታችሁ እንደ እንቁላል ሞላላ አድርጉት። መሃሉን በትክክል የጎማው እምብርት ላይ አድርጉ። እምብርቱ ከሳተ ጎማው የሚወላገድ ይመስላል። በጊምፕ ሰርኩላር ሞሽን ብለር አለ።

አንግሉን 100 ስታደርጉ ጎማው ላይ ያለው ጭቃና ብሎን ወደ ቀለበት ይቀየራል። መከላከያውና ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ ግን አይነካ፤ በማስክ መልሱት።

ስድስተኛ፦ መብራቶቹ

የምሽት ፎቶ ነፍሱ መብራት ነው። በኮምፒውተር የተሠራ ብዥታ የሚታወቀውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሞሽን ብለር ካደረጋችሁ በኋላ አምፖሎቹን አጉሉና እዩ። ያ ነጭ፣ የሚያበራ አምፖል ግራጫ ቡራቡሬ ሆኗል። እውነተኛው የፓኒንግ ናሙናችሁ ላይ ግን አምፖሉ ደማቅ የብርሃን ክር ሆኖ ነው የተጎተተው። ለምን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ ፎቶ ውስጥ ብርሃን የሚቆጠረው ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ነው፤ ከ255 በላይ ብርሃን የለም። ሻይ ቤቱ ላይ ያለው አምፖል ከግድግዳው ስንት ጊዜ ቢበልጥም ፎቶው ላይ 255 ብሎ ይቆማል። አሁን 20 ፒክስል ስፋት ያለውን አምፖል በ200 ፒክስል ስትጎትቱት ፕሮግራሙ ብርሃኑን ያካፍለዋል። አንድ አሥረኛ ይሆናል። 255 የነበረው ወደ 25 ይወርዳል። ያ ከጨለማ ብዙም አይለይም። እውነተኛው አምፖል ግን ካሜራው ከሚችለው በላይ ብርሃን ስለነበረው አሥር ቦታ ቢካፈልም ነጭ ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔው ከመጎተቱ በፊት ለመብራቱ የተነጠቀውን ኃይል መመለስ ነው። ታችኛውን ሌየር ቅዱ። አምፖሎቹንና የመኪና መብራቶቹን ብቻ ትታችሁ ሌላውን ጥቁር አድርጉት። ምስሉን ከነጭ በላይ ያለውን ብርሃን መያዝ ወደሚችለው 32 ቢት ቀይሩ፤ በጊምፕ ፕሪሲዥን ውስጥ 32 ቢት ፍሎቲንግ፣ ሊኒየር የሚለው ነው። ከዚያ የመብራቱን ሌየር ኤክስፖዠር አራት ስቶፕ ከፍ አድርጉ፤ 16 እጥፍ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ለውጥ ላይታያችሁ ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ውስጥ አለ። አሁን በዚያው 200 ፒክስል ሞሽን ብለር አድርጉት። ክሮቹ በርተው ይወጣሉ። ይህ ሁሉ የሚከብድ ከሆነ አጭሩ መንገድ የተጎተተውን የመብራት ሌየር በስክሪን ሞድ (ከሥሩ ያለውን በሚያደምቅ አደራረብ) ላይ አድርጎ፣ ብርሃኑ እስኪበቃ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ነው። ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ያስኬዳል።

ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው፣ የሰው እጅ ቀጥ ያለ መስመር አይስልም። ካሜራው ሲዞር ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ እውነተኛ ክሮች በጥቂቱ ይታጠፋሉ። ደግሞም ሁሉም በአንድ ዓይነት ይታጠፋሉ፤ ያንቀሳቀሳቸው ያው አንድ እጅ ነውና። ይህን ለማምጣት ከሞሽን ብለር ይልቅ ፎቶሾፕ ብለር ጋለሪ ውስጥ ያለውን ፓዝ ብለር ተጠቀሙ። አንድ መስመር ሳሉና ጫፉ ላይ ትንሽ ማጠፊያ ስጡት።

ሁለተኛው፣ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ብዙ የኤልኢዲና የፍሎረሰንት አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይናችን አያየውም። በ1/15 ሰከንድ ውስጥ ግን ስድስት ሰባት ጊዜ በርተው ደብዝዘዋል። ናሙናችሁን አጉልታችሁ ስታዩ አንዳንዱ ክር እንደ ጨሌ የተቆራረጠ ሆኖ የምታገኙት ለዚህ ነው። ፓዝ ብለር ውስጥ ስትሮብ የሚባል ምርጫ አለ። ለአንድ ሁለት አምፖል ብቻ ስድስት ሰባት ብልጭታ ስጡ። ሁሉም ላይ ካደረጋችሁት ጌጥ ይሆናል።

የራሱ የባጃጁ የፊት መብራት ከባጃጁ ጋር ስለሚሄድ አይጎተትም። አስፋልቱ ላይ የጣለው ብርሃንም እንደዚያው። አስፋልቱ ራሱ ግን ይሮጣል። ብርሃኑ ቆሞ መንገዱ ከሥሩ ሲፈስ ማየት ደስ ይላል።

መንገዱ ቆሞ ባጃጁ ሲሮጥ

የተገላቢጦሹም አለ። ካሜራው ቆሟል፣ ሻይ ቤቱ ጥርት ብሏል፣ ባጃጁ ብቻ ጭራ አውጥቶ ያልፋል። የባጃጁን ሌየር በፓዝ ብለር ጎትቱት። ጫፍና ጫፉ ላይ ከኋላው ያለው ሱቅ አልፎ ሊታይ ይገባል። የብርሃኑ ጭራ ወደ ኋላ ብቻ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ፓዝ ብለር ውስጥ ሪር ሲንክ ፍላሽ የሚለውን ምረጡ። በዚህ ጊዜ የፊትና የኋላ መብራቱ አብሮ ይጎተታል። ጎማውም ሌላ ጠባይ አለው። ካሜራው ከቆመ መሬት የነካው የጎማ ክፍል ለዚያች ቅጽበት ቆሟል። የጎማው የላይኛው ጫፍ ደግሞ ከባጃጁ እጥፍ ይሮጣል። ስለዚህ ላይኛውን አብዝታችሁ፣ ታችኛውን አሳንሳችሁ ብዥ አድርጉ።

ሰው ሲራመድ

መጋላ፣ ቀፊራ ገበያ አካባቢ፣ አመሻሽ ላይ። ገበያው እየተበተነ ነው። አንዲት ሴት ድሪያ ለብሳ፣ እጇ ላይ ፌስታል ይዛ ከቅስቱ በር ሥር ወጣች። ይህን ፎቶ ስሠራ መጀመሪያ መላ አካሏን እኩል ብዥ አድርጌው ነበር። መንፈስ መሰለች። ፎቶውን አቁሜ መንገድ ላይ የሚሄዱ ሰዎችን እግር ብቻ ሳይ ዋልኩ።

ሰው ሲራመድ አንዱ እግሩ ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው። ያ እግር ቆሟል። ሌላው ግን ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ከአካሉ ይበልጥ ይፈጥናል። ጭንቅላትና ትከሻ በመጠኑ ወደ ፊት ይንሳፈፋሉ። እጅ ይወዛወዛል። ፌስታሉ ከእጇም ይበልጣል። ስለዚህ መሬት የረገጠውን ጫማ ጥርት አድርጌ ተውኩት። የተነሳውን እግር በፓዝ ብለር በቅስት አስጎተትኩት። ድሪያው ቀጭን ጨርቅ ስለሆነ ጫፉ ላይ ብቻ ብዥታ ሰጠሁት፤ ፊቷን በጣም በትንሹ። ያኔ ተራመደች።

ለእግረኛ 1/8 ሰከንድ ይስማማል። 5 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ሰው በዚያ ጊዜ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። የተነሳው እግር ግን ብዙ ይበልጣል።

ጠጠሩን መመለስ

በአይኤስኦ 3200 የተነሳ ፎቶ ጠጠር አለው፤ ኖይዝ። ብዥ ያደረጋችሁት ክፍል ላይ ያ ጠጠር ጠፍቷል። ባጃጁ አሸዋማ፣ ኋላው ቅቤ የተቀባ ሆኖ ይቀራል። እውነተኛ ፎቶ ላይ ብዥ ያለውም ጥርት ያለውም እኩል ጠጠር አላቸው። ከሁሉም በላይ አዲስ ሌየር ክፈቱ፣ 50 በመቶ ግራጫ ሙሉት፣ ኦቨርሌይ አድርጉት፣ አድ ኖይዝ ስጡት። ሞኖክሮማቲክ የሚለውን ምረጡ። በማስክ ከባጃጁ ላይ አንሱት። ምስሉን 100 በመቶ አጉልታችሁ የሹፌሩን ጉንጭና ከጎኑ ያለውን ብዥታ አወዳድሩ። ጠጠሩ እኩል እስኪመስል አስተካክሉ።

ስልክ ብቻ ላላችሁ

ፒክስአርት ውስጥ ሞሽን ብለር አለ። ስናፕሲድ ውስጥ የለም። ፎቶፒም በስልክ ብሮውዘር ይከፈታል፤ ጣት ብቻ ይፈልጋል፣ ትዕግሥትም።

አይፎን ያላችሁ ላይቭ ፎቶ አንስታችሁ ሎንግ ኤክስፖዠር የሚለውን ምረጡ። ሦስት ሰከንድ ያህል ቪዲዮ ነው የሚደርበው። በሦስት ሰከንድ ያ ባጃጅ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ከነአካቴው ይጠፋል። ስለዚህ ለባጃጅ አይሆንም። ቁጭ ብሎ ፈቲራ የሚጠብቅ ሰው ከፊት፣ የሚተላለፍ ሕዝብ ከኋላ ካለ ግን ያምራል። የተቀመጠውን ሰው «ትንሽ አትንቀሳቀስልኝ» በሉት፣ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉ።

ሌላው መንገድ በተከታታይ አሥር ያህል ፎቶ ማንሳትና እንደ ሌየር መደራረብ ነው። የታችኛው ኦፓሲቲ (ከሥሩ ያለውን የሚሸፍንበት መጠን) 100፣ ቀጥሎ 50፣ ከዚያ 33፣ 25፣ 20 እያለ ይወርዳል። ሁሉም እኩል ድርሻ ያገኛሉ። ካሜራው በሰከንድ አሥር የሚያነሳ ከሆነ በሁለት ፎቶ መካከል እግረኛው 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፤ ክፍተቱን በትንሽ ሞሽን ብለር መሙላት ይቻላል። ባጃጁ ግን 55 ሳንቲ ሜትር ይዘላል። አሥር ባጃጅ ተሰልፎ ይታያል።

ከመለቀቁ በፊት

ለዜና በሚላክ ፎቶ ላይ ይህን አታድርጉ። ዜና ላይ ያልነበረ እንቅስቃሴ መጨመር ውሸት ነው። ለኤግዚቢሽን ወይም ለራሳችሁ ገጽ ከሆነ ሰው ሲጠይቃችሁ «ብዥታው በኤዲት ነው» በሉ። ሹፌሩንም ፈልጋችሁ አሳዩት። እኔ ያንን ባጃጅ ያገኘሁት ከሳምንት በኋላ እዚያው ሻይ ቤት ነው። ፎቶውን ስልኬ ላይ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጎማው ላይ ጣቱን አሳርፎ «አቦ፣ እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፤ እዚህ ስደርስ ፍሬን እይዛለሁ» አለኝ። የፊት መብራቱን ብርሃን ትንሽ ወደ መሬት ዝቅ ያደረግኩት ከዚህ በኋላ ነው። ፍሬን የያዘ ባጃጅ አፍንጫው ወደ ታች ይላል።

በመጨረሻ ስትልኩት በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ያ የደከማችሁበት ጠጠር ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይቀየራል፤ የብርሃኑ ክሮችም ደረጃ ደረጃ ይሠራሉ።